የሉርስ ግድያና የዶሚኒሲ ቤተሰብ

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በዱራንስ ወንዝ ሸለቆ፣ ከሉርስ መንደር በታች በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር፣ እ.ኤ.አ. ለኦገስት 5 ቀን 1952 አጥቢያ ሦስት እንግሊዛውያን ተገደሉ። ሟቾቹ ሰር ጃክ ድራሞንድ፣ ባለቤቱ አን እና የአሥር ዓመት ልጃቸው ኤልዛቤት ነበሩ። ባልና ሚስቱ የሞቱት በጥይት ነው፤ ልጅቱ ግን በጠመንጃ ሰደፍ ጭንቅላቷን ተመትታ ነው። ከቦታው 200 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላ ግራንቴር የሚባል የገበሬ ቤት አለ። በዚህ ቤት ጋስቶን ዶሚኒሲ የተባለ የ75 ዓመት ሽማግሌ ከሚስቱ፣ ከልጁ፣ ከምራቱና ከሕፃን የልጅ ልጁ ጋር ይኖር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌው በገዛ ልጆቹ ቃል ተከስሶ ሞት ተፈረደበት። በፈረንሳይ የ20ኛው ክፍለ ዘመን የወንጀል ታሪክ ይህን ያህል ያከራከረ ጉዳይ ጥቂት ነው። የክርክሩም ሥር አንድ ነው፤ ፍርዱ የቆመው ከሁሉ በላይ አንድ ቤተሰብ እርስ በርሱ በሰጠው ቃል ላይ ነበር፤ ያ ቃል ደግሞ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር።

ቤቱና ቤተሰቡ

ጋስቶን ዶሚኒሲ በ1877 በዲኝ ከተማ ከጋብቻ ውጭ ተወለደ። እናቱ ትውልዷ ከጣሊያን የሆነ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። በ1903 ማሪ ዠርሜንን አገባ፤ ከእሷም ዘጠኝ ልጆች አፈሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ ላ ግራንቴርን ገዝቶ የራሱ መሬት ባለቤት ሆነ። ያለ አባት ስም ለተወለደና በድህነት ላደገ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ድንጋዩን እየለቀመ፣ መሬቱን እያቀና ቤቱን ያቆመው እሱ ስለሆነ በቤቱ ውስጥም ከእሱ ቃል የሚወጣ አልነበረም። ልጆቹ ካደጉና ራሳቸው ወላጆች ከሆኑ በኋላ እንኳ ይፈሩት እንደነበር በሙግቱ ጊዜ በግልጽ ታይቷል። ማሪ በአካባቢው ‹ሰርዲን› በሚል ቅጽል ስም ትታወቅ ነበር፤ የምትናገረው ጥቂት፣ የምትሠራው ብዙ የሆነ የገጠር ሴት ነበረች።

በ1952 ከልጆቹ አብዛኞቹ አግብተው ወጥተዋል። በቤቱ የቀረው የ33 ዓመቱ ጉስታቭ ነው። አባቱ በእርጅናው ምክንያት እርሻውን ለእሱ አስረክቦ ራሱ ፍየሎቹን ብቻ ይጠብቅ ጀመር። የጉስታቭ ሚስት ኢቬት ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት፣ አንድ ሕፃን ያላት፣ ብርቱና አንደበተ ርቱዕ ወጣት ነበረች። ከወጡት ልጆች መካከል በዚህ ታሪክ ትልቁን ቦታ የያዘው የጉስታቭ ታላቅ ወንድም ክሎቪስ ነው። እሱ በባቡር ሃዲድ ሥራ ተቀጥሮ በአቅራቢያው ይኖር ነበር። እንግዲህ በአንድ ቤት ሥልጣኑን በግማሽ የለቀቀ አባት፣ መሬቱን የተረከበ ታናሽ ልጅ፣ ከውርሱ ርቆ በደመወዝ የሚኖር ታላቅ ልጅና በሁለት ትውልድ መካከል የገባች ምራት ነበሩ። በኋላ የተነሣው ክስና የቃል መታጠፍ ሁሉ በእነዚህ ዝምድናዎች መስመር የተጓዘ ነው።

እንግዶቹ

ሰር ጃክ ድራሞንድ በአገሩ የታወቀ የሥነ ምግብ ሊቅ ነበር። ቫይታሚኖች ዛሬ በሚጠሩበት ሁኔታ በፊደል እንዲሰየሙ በ1920 ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ የምግብ ሚኒስቴር የሳይንስ አማካሪ ሆኖ ሕዝቡ በራሽን እየኖረ ጤናው እንዳይጎዳ ባደረገው አስተዋጽኦ በ1944 የሰር ማዕረግ ተሰጥቶታል። ከጦርነቱ በኋላ በኖቲንግሃም በአንድ ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ የምርምር ክፍል ይመራ ነበር። ከአን ጋር ስለ እንግሊዞች የአመጋገብ ታሪክ አብረው መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ ክረምት ቤተሰቡ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ከወዳጆቻቸው ጋር ዕረፍት ላይ ነበር። ኦገስት 4 ቀን በዲኝ የበዓል ትርኢት ተመልክተው ሲመለሱ መሸባቸውና ሂልማን መኪናቸውን ከመንገዱ ዳር አቁመው ውጭ ለማደር ወሰኑ። እናትና ልጅ በዚያ ምሽት ውሃ ሊጠይቁ ወደ ላ ግራንቴር መጥተዋል ወይስ አልመጡም የሚለው ቀላል ጥያቄ እንኳ ያከራክራል፤ የቤቱ ሰዎች አልመጡም ብለው ጸንተዋል።

ሌሊቱና ማለዳው

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ብዙ ጥይት ተተኮሰ። የላ ግራንቴር ሰዎች ተኩሱን መስማታቸውን አልካዱም፤ ነገር ግን በድብቅ የሚያድኑ አዳኞች መስሏቸው ከአልጋቸው እንዳልወረዱ ተናገሩ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ጉስታቭ በሞተር ብስክሌት የሚያልፍ ሰው አስቁሞ ሬሳ ማየቱን ነገረውና ለጄንዳርም እንዲያስታውቅለት ለመነው። በዋዜማው ከእርሻው የፈሰሰ የመስኖ ውሃ አፈር ንዶ ሃዲዱ ላይ ስለጣለ ያንን ለማየት ማልዶ ሲወጣ ልጅቱን እንዳገኛት አስረዳ። ሰር ጃክ ከመንገዱ ማዶ፣ አን ከመኪናው አጠገብ፣ ኤልዛቤት ደግሞ ከባቡር ድልድዩ ባሻገር ወደ ወንዙ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ወድቀው ተገኙ።

ምርመራው ከመጀመሪያው ተበላሸ። የማርሴይ ፖሊስ ኮሚሳር ኤድሞን ሴቤይ ከቦታው ከመድረሱ በፊት መንገደኛውም፣ የመንደሩ ሰውም፣ ጋዜጠኛውም ቦታውን ረጋግጦታል። ብዙም ሳይቆይ ሰደፉ የተሰበረ የአሜሪካ ኤም 1 ካርባይን ከዱራንስ ወንዝ ወጣ። በእጅ የተጠጋገነ አሮጌ መሣሪያ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በፕሮቫንስ ገጠር እንዲህ ያለ ጠመንጃ በየቤቱ ይደበቅ ስለነበር የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚለይ ምልክት አልተገኘም። በዚያው ቀን አንድ መርማሪ በላ ግራንቴር ግቢ ታጥቦ የተሰጣ የሽማግሌውን ሱሪ አይቶ ነበር፤ ነገር ግን በኤግዚቢትነት አልተያዘም። በአንድ ቀን የጠፋ ማስረጃ ከዚያ በኋላ በሁለት ምርመራ ሊተካ አልቻለም።

አሥራ አምስት ወር የቆየ ዝምታ

ቁሳዊ ማስረጃ ሲጠፋ ሴቤይ ፊቱን ወደ ቤተሰቡ አዞረ። የመጀመሪያውን ስንጥቅ የከፈተው የጉስታቭ ንግግር ነው። እሱ ለፖሊስ ልጅቱን ሞታ አገኘኋት ብሎ ነበር፤ አንድ የባቡር ሠራተኛ ግን ጉስታቭ ልጅቱ በሕይወት ነበረች ብሎ እንደነገረው መሰከረ። ጉስታቭ ሲያዝ ክንዷን ስታንቀሳቅስ ማየቱን አመነ። በኖቬምበር 1952 የዲኝ ፍርድ ቤት በሞት አፋፍ ላለ ሰው ባለመርዳት ጥፋት ሁለት ወር እስራት ፈረደበት። ይህ የጉዳዩ እጅግ መራራ ክፍል ነው። ማን ገደለ የሚለው ቢያከራክርም፣ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ነፍሷ ሳይወጣ ተጥላ መቅረቷንና እርዳታ ያልተጠራላት ሰው ሳያያት ቀርቶ እንዳልሆነ የጉስታቭ የራሱ ቃል ያረጋግጣል።

ክሎቪስም ከጥርጣሬ አላመለጠም። ካርባይኑን ባሳዩት ጊዜ ደንግጦ በጉልበቱ እንደወደቀ ኮሚሳሩ ተናግሯል፤ ሆኖም ጠመንጃውን አላውቀውም ብሎ ካደ። ቤተሰቡ ገመናውን ይዞ ተዘጋ። የፓሪስና የለንደን ጋዜጦች በየቀኑ ስለ ላ ግራንቴር ይጽፋሉ፤ ፖሊስ ውጤት አምጣ ተብሎ ይወተወታል፤ የቤቱ ሰዎች ግን አባት፣ እናት፣ ልጅና ምራት በአንድ ቃል ‹አናውቅም› ይላሉ። ይህ አንድነት በጥፋተኝነት የመጣ ነው ወይስ መንግሥትንና ፖሊስን በማይወድ የገጠር ሰው ጥንቃቄ የሚለውን ለይቶ ማወቅ ለመርማሪዎቹ ከባድ ሆነ።

ልጆች በአባት ላይ

በኖቬምበር 1953 ሴቤይና መርማሪ ዳኛው ሮዤ ፔሪዬስ ጉስታቭን ወደ ዲኝ ጠርተው ለረጅም ሰዓት ጠየቁት። ኖቬምበር 13 ቀን ጉስታቭ አለቀሰና ገዳዩ አባቱ መሆኑን ተናገረ። ለብቻው የተጠየቀው ክሎቪስም ያንኑ አረጋገጠ፤ ጠመንጃውም በላ ግራንቴር መጋዘን መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ እንደነበር አመነ። ሽማግሌው ተይዞ መጣ። መጀመሪያ ካደ። በማግሥቱ ማታ ግን ይጠብቀው ለነበረ ፖሊስ፣ ቀጥሎም ለኃላፊዎቹ ግድያውን መፈጸሙን ተናገረ። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ በፖሊስ ምርመራ ላይ ያለ ተጠርጣሪ ከጠበቃ ጋር የመነጋገር መብት አልነበረውም፤ ይህ መብት የመጣው በ1993 ነው።

የእምነት ቃሉ ይዘት ከተነገረበት ጀምሮ አከራካሪ ሆነ። ሽማግሌው ሴትዮዋን ልብሷን ስትቀይር ተደብቆ ይመለከት እንደነበር፣ ባሏ ደርሶበት ጠብ እንደተነሣና ከዚያ እንደተኮሰ ተናገረ። የጥይቱ ብዛትና የነገሩ ቅደም ተከተል ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው ይለዋወጥ ነበር። ኖቬምበር 16 ቀን ድርጊቱን በቦታው እንዲያሳይ ሲወሰድ ከባቡር ድልድዩ ላይ ራሱን ሊወረውር ሞክሮ ተያዘ። ዐቃቤ ሕግ ይህን የጸጸት ምልክት አድርጎ ቆጠረው፤ ተከላካዮቹ ተስፋ የቆረጠ ሽማግሌ ድርጊት አሉት። ብዙ ሳይቆይ ጋስቶን ቃሉን አጠፈ። ጥፋቱን በራሱ የወሰደው የልጅ ልጆቹን ክብር ለማዳን እንደሆነም አስረዳ።

ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ ሁለት ተከፈለ። ማሪና ሴቶች ልጆቿ ከአባትየው ጋር ቆሙ። ጉስታቭ ክሱን አንድ ጊዜ ያነሣዋል፤ ሌላ ጊዜ ይደግመዋል፤ እንደገና ፖሊስ አስገድዶኝ ነው ይላል። ክሎቪስ ብቻ ከቃሉ አልተናወጠም። በ1959 እስኪሞት ድረስ ገዳዩ አባቴ ነው እንዳለ ኖረ፤ በዚህም ከዘመዶቹ ብዙዎቹ ሆድና ጀርባ ሆኑበት። የክሎቪስን ጽናት አንዱ ወገን የእውነት ምልክት ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ታናሽ ወንድሙን ለማዳን አባቱን መሥዋዕት ያደረገ ሰው ጽናት ነው ይላል። ሁለቱም ትርጉም ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር ይስማማል፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

ሙግቱ በዲኝ

ችሎቱ ኖቬምበር 17 ቀን 1954 በማርሴል ቡስኬ ሰብሳቢነት ተከፈተ። ተከሳሹን ከቆሙለት ጠበቆች ታዋቂው የማርሴዩ ኤሚል ፖላክ ነበር። ከውጭ አገር ጭምር የመጡ ጋዜጠኞች አዳራሹን ሞሉት። ዐቃቤ ሕግ በሁለት ምሰሶ ላይ ቆመ፤ አንደኛው የልጆቹ ምስክርነት፣ ሁለተኛው ተከሳሹ ራሱ የሰጠውና ያጠፈው የእምነት ቃል ነው። ጉስታቭ ግን በችሎቱ ፊት አባቱ ንጹሕ መሆኑን ተናገረ። ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት ቆመው ተቃረኑ፤ አባትም ልጆቹን እውነቱን እንዲናገሩ ሞገታቸው።

ተከላካዮቹ የክሱን ክፍተቶች በየተራ ዘረዘሩ። ጠመንጃው የሽማግሌው ለመሆኑ ከቤተሰቡ ቃል ሌላ ማረጋገጫ የለም። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም እንዳለው የልጅቱ እግር መረገጫ የመቧጨር ምልክት አልነበረውም፤ ታዲያ በጠጠርና በእሾህ ላይ በባዶ እግሯ ሮጣለች የሚለው እንዴት ይታመናል? የ75 ዓመት ሰው በጨለማ የምትሸሽ ልጅን እንዴት ደረሰባት? ለሦስት ሰው ሞት የቀረበው ምክንያትስ ይህን ያህል ጭካኔ ያስረዳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ዐቃቤ ሕግ የሰጠው መልስ ከተናዛዡ በላይ ምስክር የለም የሚል ነበር።

ሌላው ችግር ቋንቋ ነው። ጋስቶን ያደገው የፕሮቫንስን የገጠር አነጋገር ይዞ ነው፤ ችሎቱ የሚናገረው የተማረ ሰው ፈረንሳይኛ ነው። በአቅራቢያው በማኖስክ የሚኖረውና ሙግቱን ተቀምጦ የተከታተለው ደራሲ ዣን ዢዮኖ፣ ተከሳሹ በችሎቱ የተጠቀመባቸው ቃላት ከሠላሳ አምስት እንደማይበልጡ አስተውሏል። ዳኛውና ተከሳሹ ብዙ ጊዜ ሳይግባቡ እንደሚያልፉም መዝግቧል። የዢዮኖ መደምደሚያ ጥንቃቄ የተሞላበት ነው፤ ሰውየው ጥፋተኛ አይደለም አላለም፣ ጥፋተኛ ለመሆኑ ግን በቂ ማረጋገጫ አላየሁም አለ። ሃያሲው ሮላን ባርትም በዚሁ ጉዳይ ላይ በጻፈው አጭር ድርሰት፣ ችሎቱ የገበሬውን ልቡና በመጽሐፍ ቋንቋ ፈጥሮ በራሱ ፈጠራ ላይ እንደፈረደ ተከራክሯል።

ኖቬምበር 28 ቀን ጋስቶን ዶሚኒሲ ያለ ቅጣት ማቅለያ ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈረደበት። 77 ዓመቱ ነበር። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የከባድ ወንጀል ችሎት ውሳኔ በፍሬ ነገር ይግባኝ አይባልበትም፤ ፈራጆቹም የውሳኔያቸውን ምክንያት በጽሑፍ የማስፈር ግዴታ አልነበረባቸውም። ይግባኙ ከ2001 ጀምሮ፣ ምክንያት የመጻፍ ግዴታው ደግሞ በ2011 በወጣ ሕግ መጥቷል። ስለዚህ የዲኝ ፈራጆች ከክሎቪስና ከጉስታቭ የትኛውን ለምን እንዳመኑ የሚነግር ሰነድ የለም።

ሁለተኛው ምርመራና ምሕረቱ

ፍርዱ እንደተሰማ ሽማግሌው ለጠበቆቹ አዲስ ነገር ተናገረ። ጉስታቭና ኢቬት ስለ ግድያው ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ በዚያ ሌሊት ልጄና አንድ ወጣት የልጅ ልጄ ከቦታው ነበሩ አለ። አሁን ደግሞ ጣቱን የቀሰረው አባት ነው። የፍትሕ ሚኒስቴር ሁለተኛ ምርመራ አዘዘና ኮሚሳር ሻርል ሼንቪዬ ከፓሪስ ተላከ። ነገር ግን ሽማግሌው ከጉስታቭ ጋር ሲገናኝ ክሱን አጽንቶ አልያዘም፤ ቃሉ ተድበሰበሰ። ምርመራው በ1956 ማንም ላይ ክስ ሳይመሠረት ተዘጋ።

በ1957 ፕሬዝዳንት ሬኔ ኮቲ የሞት ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጠው። በጁላይ 14 ቀን 1960 ፕሬዝዳንት ሻርል ደ ጎል ሽማግሌውን ከእስር ፈታው። ይህ የምሕረት ውሳኔ ነው፤ ስሙን የሚያነጻ ፍርድ አልነበረም። ጋስቶን ኤፕሪል 4 ቀን 1965 በ88 ዓመቱ ሞተ። ጉስታቭ እስከ 1996 ኖረ። የጉስታቭ ልጅ የአያቱ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ደጋግሞ ቢጠይቅም ተቀባይነት አላገኘም። ታሪኩ በ1973 ዣን ጋቤን ሽማግሌውን ሆኖ በተጫወተበት ፊልም፣ በ2003 ደግሞ በቴሌቪዥን ድራማ ቀርቦ አዲስ ትውልድ ክርክሩን እንዲያነሣ አድርጓል።

የቀሩት ሐሳቦች

ከዚያ ወዲህ የተጻፉት መጻሕፍት በአራት ሐሳብ ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤቱ እንዳለው ሽማግሌው ብቻውን ገደለ የሚል ነው። ሁለተኛው ገዳዩ ከቤቱ ወጣቶች አንዱ ሆኖ አባትየው ሸፈነለት ይላል። ሦስተኛው ከአንድ በላይ የቤተሰቡ ሰው ተሳትፏል የሚል ሲሆን፣ የተጎጂዎቹ ሬሳ በተለያየ ቦታ መገኘቱንና የቃላቱን መምታታት ይጠቅሳል። አራተኛው ከቤተሰቡ ውጭ ይሄዳል፤ ሰር ጃክ በስለላ ሥራ ተሰማርቶ ነበር፣ ገዳዮቹም የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው ይላል። ለዚህም በጀርመን ታስሮ የነበረ አንድ ሰው የሰጠውን ቃል ያነሣል። የስለላው ሐሳብ ለአንባቢ ቢማርክም የጎደለው ነገር አለ። የላ ግራንቴር ሰዎች ከመጀመሪያው ማለዳ ጀምሮ ስለምን እንደዋሹና ወንድማማቾቹ በኋላ ስለምን አባታቸውን እንደከሰሱ አያስረዳም።

ሦስቱ የቤተሰብ መላምቶች ግን አንዱ ሌላውን ሊያሸንፍ አልቻለም፤ ሁሉም የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን፣ በቤተሰቡ ቃል ነውና። አባት ልጁን ሊሸፍን ይችላል፤ ልጅም አባቱን ሊጠላ ይችላል፤ ወንድም ወንድሙን ሊያድን፣ ሚስት ለባሏ ልትቆም ትችላለች። ከዝምድና የመነጨ ቃል ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ከዝምድናው ውጭ ባለ ማስረጃ እስካልተደገፈ ድረስ እውነቱን ከፍቅሩና ከቂሙ መለየት አይቻልም። በሉርስ ያ ማስረጃ በመጀመሪያው ቀን በግዴለሽነት ጠፋ፤ ዋጋውን የከፈሉትም ሟቾቹ ናቸው። በፎርካልኪዬ መቃብር የተቀበሩት ሦስት ሰዎች ከገዳያቸው ስም ይልቅ በአንድ የገበሬ ቤት ጠብ ምክንያት ይታወሳሉ፤ የኤልዛቤት ድራሞንድ ስም ከዶሚኒሲ ስም ቀድሞ ሊነሣ ይገባ ነበር።

ታሪክ በዚህ ጉዳይ ሊሰጥ የሚችለው ፍርድ ውስን ነው። ከላ ግራንቴር ሰዎች ቢያንስ አንዱ እውነቱን ያውቅ ነበር፤ የዲኝ ችሎት ግን ገዳዩ ማን እንደሆነ ከጥርጣሬ በላይ አላስረዳም።